ከውሃ በፊት ይከፈት

ጥቅምት 1 ቀን

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ያ አልታዘዝም ያለው ጆሮዎ እንደምን ናቸው? እትዬስ ዓይናቸው እንዴት ሆነ? እኔና ልጄ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ከእናንተ ናፍቆት ሌላ የሚያሳስበኝ ውሃ ብቻ ነው፤ የምጽፍልዎትም ስለ እሱ ነው።

አዲስ ሥራ ይዣለሁ። የመብራት ምሰሶ ቆጠራ ነው። ምሰሶዎቹ ሰው በማይኖርበት ደረቅ ሜዳ ላይ ተደርድረዋል፤ እኔ በእያንዳንዱ ሥር ቆሜ ቁጥሩን እጽፋለሁ፣ የተሰነጠቀውን ፎቶ አነሣለሁ። ለማደሪያ ተጎታች ቤት ሰጥተውኛል። በመኪናዬ ኋላ አስሬ እጎትታታለሁ። ሁለት አልጋ፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ ቧንቧ አላት፤ ከወለሏ ሥር መቶ ሃያ ሊትር የሚይዝ የውሃ ታንከር ተገጥሟል። ከአንዱ ውሃ መቅጃ ከተማ እስከሚቀጥለው ስምንት ቀን ነው። መሃል ላይ ምንም የለም፤ ምንም ስልዎት ምንም ነው።

ልጄን ይዣት ልወጣ ነው። አባቷ በፈረቃ ስለሚሠራ ቀን የሚያያት ሰው የለም። ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ እርስዎ "ድንቡሼ" ያሏት እንደዚያው ናት፣ ስትመጣ ከፊቷ ጉንጯ ነው የሚቀድመው።

እርስዎ ሠላሳ ዓመት የውሃ ቦቴ ነድተዋል። እባክዎ ውሃ እንዴት እንደሚያዝ ይጻፉልኝ። ስልክ እንዳልደውል፣ ባለፈው "ሥራ ያዝኩ" ስልዎት "ማን ሞተ?" ብለው ጎረቤት ሰብስበዋል። መልስዎ እስኪመጣ አልነሣም።

እግርዎን ስሜ ልሰናበት፣
የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 8 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ክፉ አይይሽ። እኔ ደህና ነኝ። እትዬሽም ደህና ናት፤ ስኳሯ ግን ዓይኗን እያደበዘዘው ስለሄደ ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ የማነብላት እኔ ነኝ። እኔ አልሰማ፣ እሷ አታይ፤ ሁለታችን ተደምረን አንድ ደህና ሰው ይወጣናል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። መቶ ሃያ ሊትር ስትጭኚ መቶ ሃያ ኪሎ የሚመዝን ሰውዬ ወለልሽ ሥር ተኝቶ አብሮሽ ይጓዛል ማለት ነው። ታንከሩ ሙሉ ሲሆን ሰውዬው ዝም ብሎ ይተኛል። ግማሽ ሲሆን ይነሣል፤ መታጠፊያ ላይ ወዲያና ወዲህ እየተላጋ ተጎታቿን ያወዛውዛታል። ሁለት ጓደኞቼን የቀበርኩት በግማሽ ቦቴ ነው። ስለዚህ ውሃው ሲጎድል ፍጥነትሽን ቀንሺ።

ታንከሩን ማን ሲጠቀምበት እንደነበረ አታውቂም። ግማሽ ብርጭቆ በረኪና ጨምረሽ በውሃ ሙዪው፣ ሽታው በቧንቧው እስኪመጣ ክፈቺው፣ አሳድሪው፣ ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ አጥበሽ ድፊው። የመጠጥ ውሃ የሚቀዳበት ጎማ ለብቻው ይሁን፤ ቆሻሻ የምታፈሺበት ጎማ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሪና ከዚህኛው ጋር በአንድ ሳጥን አታስቀምጪ። ሁለት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ሞልተሽ መኪናው ውስጥ ያዢ፤ እነሱ የሌሉ ያህል ቁጠሪያቸው።

ከታንከሩ ጎን የውሃውን ከፍታ የሚያሳይ ቀጭን ቱቦ ይኖራል። በየአምስት ሊትሩ በቀለም ምልክት አድርጊበት። ጠዋትና ማታ አንብበሽ በደብተር ጻፊ። ለአንቺና ለልጅቷ በቀን ዐሥራ አራት ሊትር ይበቃል፦ አምስቱ ለመጠጥ፣ ሦስቱ ለምግብ፣ የቀረው ለዕቃና ለገላ። ቁጥሩን በየደብዳቤው ላኪልኝ። "ደህና ነን" የሚል ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ እኔ የማምነው ቁጥር ነው።

የመጨረሻው ዋናው ነው። ከተማ ስትገቢ ከሁሉ በፊት ውሃ። ሳትበዪ፣ ሳትታጠቢ፣ ፖስታ ቤት ሳትሄጂ መጀመሪያ ታንከሩን ሙዪ። መብራት ይጠፋል፣ ፓምፕ ይቆማል፣ ሰልፍ ይረዝማል። ደብዳቤ ግን የትም አይሄድም። ይህን ሕግ ያፈረሰ ረዳት እኔ ጋ ሁለተኛ ቦቴ ላይ አልወጣም።

እትዬሽ ለድንቡሼ ቀሚስ ልስፋ ብላለች። "ዓይኔ ቢደክም እጄ ያውቃል" ትላለች። የወገቧን ልክ በክር ለክተሽ ክሩን ላኪላት።

ምርቃቴ ይከተልሽ፣
ጋሼሽ


ጥቅምት 24 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፣

ጤና ይብዛልዎ። ደብዳቤዎ ልነሣ ስል ደረሰኝ፤ ያሉኝን ሁሉ አደረግሁ። የመጀመሪያውን መንገድ በሰላም ጨርሼ ዛሬ ከተማ ገባሁ። ድንቡሼ "ለስላሳ ግዢልኝ" እያለች ስታለቅስ "የጋሼ ሕግ ነው" ብዬ የውሃ ሰልፍ ላይ አቆምኳት። አሁን አሻንጉሊቷንም ሰልፍ ታስይዛታለች።

ደብተሩ ይኸው፦ በስምንት ቀን መቶ ዐሥራ ሁለት ሊትር፣ በቀን ልክ ዐሥራ አራት። ስምንት ሊትር ተርፎኛል። ጀሪካኖቹን አልነካሁም።

ኑሮውን ለምጄዋለሁ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወጥቼ ምሰሶዬን ስቆጥር፣ እሷ ተጎታቿ ውስጥ ትሥላለች፤ በመስኮት ታየኛለች፣ አያታለሁ። በየከተማው ሪፖርቴን እስክጨርስ ሳምንት ያህል እንቀመጣለን፤ ከዚህ ደብዳቤ በሦስት ቀን ስለሚደርስ፣ ሳልነሣ መልስዎ እንዲያገኘኝ የዚህን ፖስታ ቤት አድራሻ ከጀርባው ጽፌያለሁ።

ክሩ በፖስታው ውስጥ አለ። ስለካት ሆዷን ነፍታ አስቸገረችኝ፤ እትዬ ትንሽ ይቀንሱበት።

ዕድሜ ከጤና ጋር፣
የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 27 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ተባረኪ። ዐሥራ አራት! ለጓደኞቼ አሳየኋቸው፤ ጡረተኞቹ ሁሉ ደብተርሽን እንደ ጋዜጣ ተቀባበሉት። አንዱ "ይቺን ልጅ ያኔ ብናገኛት ድርጅቱ አይከስርም ነበር" አለ።

እትዬሽ ክሩን ተቀብላ ሥራ ጀምራለች። ክሩን በጣቶቿ እየለካች "እሰይ፣ ወገብ ማለት ይሄ ነው" ትላለች።

እንዲሁ ቀጥዪ። ቁጥሩ ከዐሥራ አራት ከፍ ካለ ወዲያው አሳውቂኝ።

ጋሼሽ


ኅዳር 10 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፣

እንደምን ከረሙ? እትዬስ? እኛ ደህና ነን። ደብተሬና ቱቦው ግን ተጣልተዋል።

በዚህኛው መንገድ ታንከሩ በሰባተኛው ቀን ማታ ባዶ ሆነ። መቶ ሃያውም አለቀ። በቀን ዐሥራ ሰባት ሊትር ሆነ ማለት ነው። ስምንተኛውን ቀን ከጀሪካን ነው የኖርነው። የሚያፈስ ነገር ሳይኖር አልቀረም፤ ምን ልፈትሽ?

ድንቡሼ ደግሞ ሕፃንነቷ ተመልሶባት አልጋዋ ላይ መሽናት ጀምራለች። አንሶላ ማጠብ ዕጣዬ ሆኗል። ቦታው አዲስ ስለሆነባት ነው እላለሁ። ሙቀቱም በርትቷል፤ ብርጭቆዋን ከእጇ አትለይም። ሆኖም በሁለት ቀን አንዴ የሚታጠብ አንሶላ በቀን ሦስት ሊትር አይጨርስም፤ ሌላ ነገር አለ።

ስምንት ቀን ውሃ በሌለበት ሜዳ ላይ ነኝ፣ ልጅ ይዣለሁ። እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 13 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

አይዞሽ፣ አትደናገጪ። ውሃ ሌባ ነው፣ ግን ደደብ ሌባ ነው፤ ዱካውን ትቶ ነው የሚሄደው።

መጀመሪያ ከታንከሩ ሥር ያለውን ማፍሰሻ እዪ። ጠጠር ሲመታው መዝጊያው ይላላል። ቀጥሎ ፓምፑን አዳምጪ፦ ቧንቧው ተዘግቶ ሳለ በየመሃሉ ጢቅ ጢቅ ካለ መስመሩ ውስጥ የሚያፈስ አለ። ከዚያ መሙያው ላይ ያለው ክዳን። ስትነጂ ውሃው እየተላጋ በዚያ በኩል ይረጫል፣ በነፋስ ስለሚደርቅ አታዪውም። በመጨረሻ ስትቆሚ ከተጎታቿ ሥር ካርቶን ዘርጊና ጠዋት ተመልከቺው። አንዲት ጠብታ ብትወርድ ካርቶን ይናገራል።

መዝጊያው ውስጥ የሚገቡ የላስቲክ ቀለበቶች፣ እኛ ጎሚኒ የምንላቸውን፣ በሦስት ልክ ልኬልሻለሁ። ከእነሱ ጋር በአንድ እሽግ ቀሚሱ አለ። እትዬሽ ሰማያዊ አድርጋዋለች፤ አንገቱ ላይ ነጭ ጥልፍ አለው።

"ልጅቷ እንዴት ናት? ምን አለች ስለ ልጅቷ?" ብላ ደብዳቤውን ሳነብላት ወጠረችኝ። "እሷ ደህና ናት፣ የታመመው ታንከሩ ነው" አልኳት። ሴት ነገር ታበዛለች፤ አንቺ ወደ ማፍሰሻው ተመልከቺ።

ጋሼሽ


ኅዳር 26 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፣

ሰላምዎ ይብዛ። ጎሚኒዎቹ ደርሰው ሦስቱንም ለውጫለሁ። ክዳኑን በላስቲክ ጠቅልዬዋለሁ። ፓምፑ ላይ ጆሮዬን አድርጌ ሩብ ሰዓት ተቀምጫለሁ፤ ዝም ነው። ካርቶኑን በየቀኑ ዘርግቻለሁ፤ ደረቅ ነው፣ ጋሼ። እንደገዛሁት ነው ያለው።

ውሃው ግን ሄዷል። በስምንት ቀን መቶ ሃምሳ ስድስት። ታንከሩ አልቆ፣ ጀሪካኖቹ ተጨምረው፣ ከተማ ስገባ የቀረኝ አራት ሊትር ነበር።

አንድ ነገር ደርሼበታለሁ። ምሰሶ ልቆጥር ሦስት ሰዓት ላይ ስወጣና ሰባት ሰዓት ላይ ስመለስ ቱቦው ሦስት ሊትር ጎድሎ አገኘዋለሁ። ድንቡሼን "ውሃ ነክተሻል?" እላታለሁ። "አልነካሁም" ትላለች። ከንፈሯ ግን እርጥብ ነው። ተቆጣኋት። ከዚያ ወዲህ ስታየኝ ብርጭቆዋን ትደብቃለች።

ቀሚሱ እንዴት ያምራል! እትዬ እጃቸው ይባረክ። እንዳይቀየሙኝ እንጂ ትልቅ ሆኖባታል፤ ከወገቧ ላይ አይቆምም፣ በመርፌ ቁልፍ ይዤላታለሁ። ቁመት እየጨመረች ስለሆነ ነው መሰለኝ ጉንጯ ሸሽቷል። ድንቡሼ ማለት ሊቀርብን ነው።

ከሚመጣው መንገድ ቀጥሎ ያለው ዐሥራ ሁለት ቀን እንደሆነ ነግረውኛል። ዐሥራ ሁለት ቀን፣ መቶ ስድሳ ሊትር። በዚህ አያያዝ አንደርስም። ምን ላድርግ?

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 29 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ካርቶኑ ደረቅ ከሆነ ነገሩ አለቀ። ውሃ ወደ ሰማይ አይወጣም። ከሥር ካልወጣ በቧንቧው ወጥቷል፤ በቧንቧው ከወጣ ደግሞ የከፈተው ሰው አለ። አንቺ ካልሆንሽ እሷ ናት።

አትምቻት፣ ልጅ ናት። ብቻዋን ተቀምጣ ሲደብራት ቧንቧ ከፍታ ትጫወታለች፣ አሻንጉሊቷን ታጥባለች። እኛ ቦቴ ላይ ስንት ሰው አይተናል፤ ውሃ እንደ ልብ ሲያይ የማይጠማው ይጠማዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከፓምፑ ማብሪያ ላይ ትንሽ ሳጥን አስገጥመሽ ቆልፊው፣ ቁልፉን አንገትሽ ላይ እሰሪው። ለእሷ በቀን ስድስት ኩባያ ስፈሪላት፤ ጠዋት ሁለት፣ ቀን ሁለት፣ ማታ ሁለት። ስትወጪ ታንከሩንም ጀሪካኑንም ቆልፈሽ ውጪ። ሦስት ቀን ታለቅሳለች፣ በአራተኛው ትለምዳለች። ረዳቶቼን ያስተማርኳቸው እንዲህ ነው።

ዐሥራ ሁለት ቀን ቀልድ አይደለም። እዚያ መሃል ውሃ ቢያልቅብሽ ሁለታችሁም አትመለሱም። ለልጅቷ ስትዪ ጨክኚ።

እትዬሽ ቀሚሱ ሰፋ ስላት ከፍቷታል። "በክሩ ልክ ነው የሰፋሁት፣ እጄ አይሳሳትም" ብላ ሙግት ገጠመችኝ። አዲስ ክር ላኪላትና ትረፈኝ።

ጋሼሽ


ታኅሣሥ 12 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፣

እንደምን አሉ? ቁጥሩን አስቀድሜ ልንገርዎት፣ ደስ ይልዎታል፤ በስምንት ቀን መቶ ሊትር። በቀን ዐሥራ ሁለት ተኩል። ቁልፉ ሠርቷል።

እርስዎ እንዳሉት ሦስት ቀን አለቀሰች። በአራተኛው አልለመደችም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ዕቃ ያጠብኩበትን ባልዲ አቅፋ፣ ፊቷን ከትታ ስትጠጣ አገኘኋት። የሳሙና ውሃ፣ ጋሼ። ቀና ብላ አይታኝ "ይቅርታ እማዬ፣ ጨርሼዋለሁ" አለች። አቀፍኳትና አለቀስኩ፤ ከዚያ ባልዲውንም ቆለፍኩበት።

ቶሎ ይደክማታል። ሥዕል አትሥልም። ትበላለች፣ እንዲያውም አብዝታ ትበላለች፣ ሥጋዋ ግን የት እንደሚሄድ እንጃ። ትንፋሿ ፍራፍሬ ሲቆይ የሚሸተውን ይሸታል፤ ጥርሷ ተበልቶ እንደሆን ብዬ አፏን አየሁ፣ ምንም የለም። እውነቱን ልንገርዎት፣ ፈርቻለሁ። ምኑን እንደምፈራ ግን አላውቅም።

እዚህ ጤና ጣቢያ አለ። ዛሬ ላሳያት ነበር፤ የውሃው ሰልፍ እስከ ሰባት ሰዓት ያዘኝና ስደርስ የዕለቱ ተራ አልቋል አሉኝ። ነገ ተጎታቿን ለማስፈተሽ ድርጅቱ ቀጥሮኛል፣ ከነገ ወዲያ እንነሣለን። በዚያኛው ጫፍ ያለው ከተማ ሆስፒታል አለው ብለውኛል፤ እዚያ አሳያታለሁ። በዚህ ጊዜ ሳምንት ስለማልቀመጥ፣ ፖስታም ከዚህም ሆነ ከሚቀጥለው ከተማ ሳምንት ስለሚፈጅ፣ የሚቀጥለውን ፖስታ ቤት አድራሻ ከጀርባው ጽፌያለሁ።

ለእትዬ ክሩን ልኬያለሁ። አስተካክዬ ነው የለካሁት፤ አሁን ሆዷን አትነፋም።

ይጸልዩልኝ፣
የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 19 ቀን

ልጄ፣

ሰላምታውን ተዪው። ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ቅጽበት ልጅቷን ይዘሽ ወደ ሐኪም ሩጪ። ሌላውን እዚያ ተቀምጠሽ አንብቢው።

ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት መጣ። እንደ ልማዴ ቁጥሩን አንብቤ "ዐሥራ ሁለት ተኩል! አገኘናት!" ብዬ ጮህኩ። እትዬሽ "ክሩን ስጠኝ" አለች። ሰጠኋት። የፊተኛውን ክር ከመርፌ ሳጥኗ አወጣች፣ ሁለቱን ጫፍ ለጫፍ ይዛ በጣቷ ወረደችባቸው። ሁለተኛው በአራት ጣት ያጥራል። በሁለት ወር ውስጥ አራት ጣት። "ልጅ ያድጋል እንጂ ያጥራል እንዴ?" አለችኝ፤ ከከንፈሯ ነው ያነበብኩት።

"ደብዳቤዎቹን ሁሉ አምጣና ከመጀመሪያው አንብብልኝ፣ አንዲት ቃል እንዳትዘል" አለችኝ። አነበብኩ። ልጄ፣ እኔ እስከ ዛሬ ስለ ታንከሩ ያለውን ነበር የማነብላት። የድንቡሼን ወሬ በዓይኔ እየዘለልኩ "ደህና ናት" እል ነበር። ዛሬ ብርጭቆውን አነበብኩላት፣ አንሶላውን፣ ጉንጯን፣ ባልዲውን። ትንፋሿ ጋ ስደርስ ደብዳቤውን ከእጄ ቀማችኝ። ማንበብ አትችልም፤ ደረቷ ላይ ያዘችው።

ስኳር ነው። እትዬሽ ሲጀምራት እንደዚሁ ነበር የጠማት። በየወሩ መድኃኒቷን ከፋርማሲ የማመላልስ እኔ ነኝ፤ ግን የትልቅ ሰው በሽታ ይመስለኝ ነበር። የፋርማሲዋን ባለሙያ ጠርተን ጠየቅናት። ልጅም ይይዛል፣ በልጅ ላይ ፈጣን ነው፣ ትንፋሹ እንዲያ መሽተት ከጀመረ የቀረው ቀን ነው እንጂ ወር አይደለም አለች። በመርፌ ይያዛል፤ ቶሎ ከተደረሰላት ትተርፋለች። ከጣቷ አንዲት ጠብታ ደም ወስደው ወዲያው ያውቁታል።

የሚያፈስ ነገር አልነበረም። ልጅቷ ነበረች የምትቃጠለው፣ እኔ ቧንቧውን ዘጋሁባት።

ቁልፉን ጣዪው። የፈለገችውን ያህል ትጠጣ። ጣፋጭ ነገር አትስጫት፣ ለስላሳም፣ በስኳር የተበጠበጠ ውሃም። ማስታወክ ከጀመረች፣ እንቅልፍ ከበዛባት፣ ትንፋሿ እንደሮጠ ሰው ቶሎ ቶሎ ካለ፣ አንዲት ሰዓት አታባክኚ፣ ባለሙያዋ ይህን አስምርበት ብላኛለች።

ጎረቤቶቼ ስልክሽ ላይ ከጠዋት ጀምሮ እየደወሉልኝ ነው። አገልግሎት ከማይሰጥበት ክልል ነው ይላል፤ የአባቷም ስልክ ዝግ ነው። የድርጅትሽን ስም ጽፈሽልን አታውቂም። የፖስታ ቤቱን ስልክ ባለሙያዋ ፈልጋ አጣችው። ያለኝ አድራሻሽ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ይህን ጽፌ በፈጣኑ ፖስታ ልልከው ነው። ሰባት ቀን ሳይሆን ስድስት ይፈጃል አሉኝ።

ያስተማርኩሽን ሕግ አፍርሺው። ፖስታው ላይ በቀይ ጽፌበታለሁ፦ ከውሃ በፊት ይከፈት።

እትዬሽ መሬት ላይ ተንበርክካለች። እኔ ይቅር በዪኝ አልልሽም፤ ብቻ ድረሺልን።

ጋሼሽ


ታኅሣሥ 25 ቀን፣ ከመንገድ

ይድረስ ለጋሼ፣

ሰላም ለእርስዎ፣ ሰላም ለእትዬ። ይህን የምጽፈው የመጨረሻው ምሰሶ ሥር ቆሜ ነው። ሦስት ሺህ አራት መቶ ዐሥራ ሁለተኛው። ስለጨረስኩ ደስ ብሎኛል፤ ደብዳቤውን ነገ ከተማ ስገባ አስገባዋለሁ።

ውሃው ደርሷል፣ ጋሼ! አሁንም በታንከሩ ሠላሳ ሊትር አለ። እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ነበሩ፤ በሩን ትደበድብ ነበር። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ግን ተረጋግታለች። ውሃ አትጠይቀኝም። ትናንት ከስድስቱ ኩባያ ሁለቱን ብቻ ጠጣች፣ ዛሬ አንዱን። ትናንት ከታንከሩ የወጣው ጠቅላላ አምስት ሊትር ነው። ደብተሩን ቢያዩት ይኮሩብኝ ነበር።

ሁለቴ አስመለሳት፤ የመንገዱ መወዝወዝ ይሆናል፣ ታንከሩ ስለጎደለ እንዳሉኝ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው። ጉልበት እንዲሆናት በኩባያዋ ላይ ስኳር በጥብጬ ሰጥቻታለሁ። አሁን ከኋላ ወንበር ተኝታለች። ከጠዋት ጀምሮ እንቅልፍ ላይ ናት፤ እስከዚህ ድረስ ትንፋሿ ይሰማኛል፣ በሕልሟ የምትሮጥ ትመስላለች። ስጠራት ዓይኗን ትገልጥና መልሳ ትከድናለች። ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ጸጥ ብላልኝ ስለዋለች ሥራዬን በጊዜ ጨረስኩ። የእትዬን ቀሚስ አልብሻታለሁ፣ ሰማያዊው እንዴት እንደሚያምርባት።

ነገ ቅዳሜ ነው፣ ማለዳ እንገባለን። ፖስታ ቤቱ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የሚከፈተው፤ ደብዳቤዎ እንደሚጠብቀኝ ይሰማኛል፣ ምን እንደጻፉልኝ ለማየት ቸኩያለሁ። ግን የዚያ ከተማ ፓምፕ አንድ ነው፣ ሰልፉ ግማሽ ቀን ይፈጃል ብለውኛል። ካልደረስኩበት ሰኞ እወስደዋለሁ። ሆስፒታሉም ሰኞ ይሆናል፤ እስከዚያ ደግሞ እንቅልፏን ትጠግባለች።

አይቀየሙኝ፣ ጋሼ። ያስተማሩኝን አልረሳሁም፤ መጀመሪያ ውሃ እቀዳለሁ።

የእህትዎ ልጅ